ከጨው የተረፈችው ቦሞንት

ሳጅን ግዌን ፓናሲዩክ ወደ ኤርል ዳንፊ ግቢ የገባችው የበረዶ ክምር ቧጥጣ ነው። መንገድ የሚጠርገው መኪና ሲያልፍ በየደጃፉ ጥሎት የሚሄደው፣ ከጨው ጋር ተለውሶ እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ክምር እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ጫማዋ ውስጥ የገባውን እያራገፈች ጠራጊውንም የመጋቢትንም ወር ረገመች። ጡረታው አምስት ወር የቀረው ኮንስታብል ታራንት ወገቡን ይዞ ተከተላት።

«እኔ ዛሬ ይቺን ስወጣት ሁለተኛዬ ነው» አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ለሬሳ ብዬ ሬሳ ልሆን ነው።»

ሟቹ ጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ከግድግዳው ጥግ፣ መኪና ከመሬት ከፍ አድርገው የሚያሳርፉባቸው አራት የብረት ድጋፎች በሥርዓት ተደርድረዋል። ከአንደኛው ጫፍ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። ሐኪሙ ሰውየው ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሎ ሄዷል።

«ተገፍቶ ነው የወደቀው ወይስ ተመትቶ?» አለች ግዌን።

«ተገፍቶ ነው ይላል ሐኪሙ። ገፊውን ፈልጊ ብሎሻል። እኔ ግን የጨነቀኝ የሰውየው ነገር ብቻ አይደለም። ቦሞንቷ የለችም።»

ግዌንም ገና ስትገባ ያየችው ይህንኑ ነው። በግሬንጅ ሆሎው መንደር የኤርልን መኪና የማያውቅ የለም። ቦሞንት ለማያውቃት ሰው የስልሳዎቹ ዘመን አንድ መኪና ናት። አሜሪካኖቹ እህቷን በሌላ ስም እንደ ጉድ ሠርተው በየመንደራቸው በትነዋታል። በድንበሩ በዚህ በኩል ግን በቀረጡ ሰበብ የኦሻዋው ፋብሪካ ሌላ ስምና ሌላ ፊት ሰጥቶ ለካናዳ ብቻ ጥቂት አወጣ። ከጥቂቶቹም ትልቁ ሞተር የተገጠመላቸው ኢምንት ናቸው። እነሱንም ጨው በላቸው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መንገዱ ላይ የሚነሰነሰውን ጨው የሚችል ብረት አልተሠራም። ስለዚህ ትልቅ ሞተር ያላት፣ ዝገት ያልደረሰባት ቦሞንት ዛሬ የምትሸጠው በሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነው፤ ለዚያውም ባለቤቱ እሺ ካለ።

ኤርል ደግሞ እሺ የሚል ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ቴልማ ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ቀኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ጋር ብርድ ልብስ ስትሰፋ ውላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በእግሯ ስትመለስ ነው ባሏን ያገኘችው። የተረፋትን የዘቢብ ኬክ ከነሳህኑ እስከ አሁን ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች።

«እትዬ ቴልማ፣ ይበርቱ» አለች ግዌን። «ዛሬ እዚህ ቤት ማን መጥቶ ነበር?»

«ልጄ።»

«ከርቲስ?»

«ሌላ ልጅ አለኝ? አራት ሰዓት ላይ መጣ። ፋብሪካው ከቀነሰው ወዲህ ኑሮ ከብዶታል፤ ቤቱ ሊሄድበት ነው። አባቱን ለዚያ አሜሪካዊ ሽጥለትና አውጣኝ አለው። ኤርል ደግሞ ስሞት ያንተ ናት፣ እስከዚያ እጅህን እንዳታሳርፍባት አለው። ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል።» ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ቆርቆሮ መቀበሪያህ ይሁን! አለው። በጆሮዬ ሰማሁ። በሩን ዘግቶ ሄደ። እኔም አምስት ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ታዲያ አባቱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።»

«ተመልሶ መጥቶ ነዋ! መኪናዋስ የት ሄደች? ልጄ ነው የገደለው።»

ግዌን ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት እናት ልጇን ስትሸፍን እንጂ ስታጋልጥ አላየችም።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልዋሽለት እችል ነበር እኮ» አለች ቴልማ። «እናቱ ነኝ። ለኤርልስ ማን ይናገርለት?»

ከርቲስን ያን ዕለት ማታ ሐይቁ ዳር ካቆማት ፒክአፑ ውስጥ አግኝተው አመጡት። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ተቀምጬ ሐይቁን ሳይ ዋልኩ አለ። ያየው ሰው ግን የለም።

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታይ?» አለች ግዌን።

«ቤቴ ሄጄ ለሚስቴ ምን ልበላት? አባዬ ቆርቆሮውን መረጠ ልበላት?»

«መቀበሪያህ ይሁን ብለኸዋል።»

ከርቲስ ቀና አለ። «ማነው የነገረሽ?»

ግዌን መዝገቡን ገለጠች። እሱም ከፊቷ አነበበው።

«እማዬ ናት» አለ። «እማዬ ናት ከርቲስ ነው ያለችሽ?»

«የሰማችውን ነው የተናገረችው።»

«የሰማችውን ሳይሆን ያመነችውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋ። ጠበቃ ቢሉት አልፈልግም፣ ምግብ ቢሉት አልራበኝም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ዓርብ ጠዋት እንደሚመሠርት አስታወቀ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ታራንት ጉዳዩ አልቋል ባይ ነው፤ ግዌን ግን የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብላ መዝገቡን ክፍት አደረገችው። ለከርቲስ አዝና አይደለም፤ መኪናዋ ስላልተገኘች ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ባዶ ግቢ አቋርጣ ወደ ሎርን ስቲንሰን ቤት ሄደች። ትናንት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የጣለው አዲስ በረዶ ግቢውን እንደ አንሶላ ሸፍኖታል። በሁለቱ ቤቶች መካከል አጥር የለም። ኤርልና ሎርን ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን የሠሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አጥሩን ማፍረስ ነበር። ሎርን በአካባቢው የታወቀ ባቲላሜራ ነው፤ የበሰበሰ በር ሰጥተኸው አዲስ ይመልስልሃል ይሉታል። የኤርልንም ቦሞንት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አግኝቶ የሸጠለት እሱ ነው።

«የስቲቭ ልጅ!» አላት በሩን ሲከፍት። «ግቢ፣ ግቢ፤ አባትሽም እንዳንቺ ብርድ ይዞ መግባት ይወድ ነበር።»

«ጋሽ ሎርን፣ ትናንት ምን ሰሙ?»

ሎርን ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያለቅስ እንዳደረ ያስታውቃል። «ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዊኒፔግ ካለችው እህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ያንን ሞተር አልስተውም። ጉር እያለ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣ። እህቴን ምን አልኳት መሰለሽ፤ ኤርል አብዷል፣ በጨው ላይ ሊነዳት ነው!»

«ማን እንደነዳት አላዩም?»

«ከዚህ በር አይታይም። ግን ያ ልጅ መኪና አይወድም፤ ጨው አይጨው ምን ቸገረው?» ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይይለት ልልም አልችል፣ አሳዳጊ ነኝ እኮ። ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

እህቱ በስልክ ስትጠየቅ ቃሉን ደገመችው፤ ወንድሟ ሰማሁ ብሏታል፤ እሷ ራሷ ግን ምንም አልሰማችም። የስልክ መዝገቡም ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ይላል። ሎርን በሰዓቱ ቤቱ ነበር።

ቀጥሎ አሜሪካዊው ቮስ ነበረ፤ ከኦሃዮ ተሳቢ ጎትቶ የመጣው ነጋዴ። ታራንት ተሳቢ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ጭኖ ሄዷላ! ልጁ ሸጠለት፣ እሱ ጫነ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ቮስ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ድንበር ሲሻገር ጉምሩኮች ተሳቢውን ከፍተው አይተውታል፤ ከአንድ ጎማና ከባዶ ጠርሙስ በቀር ምንም አልነበረበትም። በስልክ ሲያገኙትም አልሸሸም።

«ሽማግሌው አልሸጥም ብሎኝ ነበር» አለ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን ለአንዴም ቢሆን ዋጋዋን ልወቅ አለ፤ ስለ ልጁ አስቦ ይመስለኛል። እኔም ወረቀቷን አምጣ አልኩት።»

«የምን ወረቀት?»

«እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። የናንተው ፋብሪካ እያንዳንዷ መኪና ስትወለድ ምን እንደነበራት መዝግቦ ይዟል። የሻንሲ ቁጥሯን ጽፈህ ስትጠይቅ ልደቷን ይልክልሃል። እኛ ጋ ብዙው መዝገብ የለም፤ የኛ ሰው የሻጩን አፍ ነው የሚያምነው። ሽማግሌው ያኔውኑ ጽፎ ጠየቀ፤ ዛሬ ነገ ይመጣል ብሎኝ ነበር።»

ደብዳቤው በቤቱ አልተገኘም። ግዌን ወደ ፋብሪካው የመዝገብ ክፍል ደወለች። የምትመልስላት ሴት ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ገጽ ስትገልጥ ይሰማል።

«ልከናል። ባለፈው ዓርብ ነው የወጣው። ማክሰኞ ሳይደርሰው አይቀርም።»

«ምን ይላል?»

«ባለ ስድስት ፒስተን። ቀለሟ የአሸዋ። ሬዲዮ እንኳ የላትም።»

«ትልቁ ሞተርስ?»

«እመቤቴ፣ ይቺ መኪና ትልቅ ሞተር አይታም አታውቅ። የቤተሰብ መኪና ናት።»

ግዌን ስልኩን ዘጋች። የኤርል ቦሞንት፣ መንደሩ ሁሉ በበጋ የሚሳለማት፣ ሐሰተኛ ነበረች። ምልክቷም ሞተሯም ከሌላ የመጣ ነው። ይህ ከርቲስን ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም ታራንት ሲሰማ፣ ልጁ ርስቴ ነው ያለው ነገር ከንቱ መሆኑን ሲያውቅ ተናዶ ገፋው አለ። ሐሙስ ማታ መዝገቡ ሊዘጋ ጥቂት ገጽ ቀረው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግዌን ከቤቷ ልትወጣ መኪናዋን አስነሳች፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለችና ቆመች። ጠራጊው ሌሊቱን አልፎ ደጃፏን ዘግቶባታል። አካፋውን ይዛ ወረደች። አሥር ደቂቃ ከቆፈረች በኋላ አካፋውን እንደያዘች ቀጥ አለች።

ታራንት ጋ ደወለች።

«ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ስትደርስ ዳንፊ ደጃፍ ያለው ክምር ተቆርጦ ነበር?»

«ምን ተቆርጦ፣ እንደ ፍየል ዘልዬ ነው የገባሁት። አላየሽኝም?»

«ጎማ አላለፈበትም?»

«እስከ ጉልበቴ ነበር እያልኩሽ…» ቀጥሎ የተሰማው ስድብ ነው፤ የሰደበውም ራሱን ነው።

የጠራጊው ሾፌር በዚያ መንገድ ያለፈው ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን መዝገቡን አይቶ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልተመለሰም። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት ወዲህ ከዚያ ግቢ መኪና አልወጣም። ሊወጣም አይችልም ነበር። ግዌን አፈረች። ከልጅነቷ ጀምሮ አካፋ እያነሳች ያደገች ሴት፣ ማስረጃውን ረግጣ አልፋ ጫማዋን ነው ያራገፈችው።

ቴልማን ያገኘቻት ለቀብሩ የባሏን ሸሚዝ ስትተኩስ ነው።

«እትዬ ቴልማ፣ ኤርል መኪናዋን ለክረምት ሲያስቀምጣት ባትሪዋን ምን ያደርገዋል?»

«ምን ያደርገዋል፣ ምድር ቤት ያወርድብኛላ። ከማርማላታዬ ጎን፣ ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ። ሃያ ሁለት ዓመት ጮኼበታለሁ።»

«አሁን የት ነው?»

ቴልማ ካውያውን አስቀምጣ አየቻት። ምድር ቤት አብረው ወረዱ። ባትሪው ከእንጆሪ ማርማላታው ጎን ተቀምጧል፤ የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉር ብሎ የተሰማው ሞተር ባትሪ አልነበረውም።

«ምን ማለት ነው?» አለች ቴልማ። «ግዌን፣ ምን ማለት ነው ይሄ?»

«መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም ማለት ነው። ወጣች ያለን ሰው ደግሞ ዋሽቷል።»

ቴልማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የሰውየውን ስም አልጠየቀችም፤ ግቢው አጥር የሌለው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

የፍተሻ ፈቃዱ አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ሎርን ቁልፉን ሲጠይቁት አልተከራከረም፤ የሼዱን በር ራሱ ከፈተላቸው። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰፋፊ ጣውላዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በላያቸው የጎማ መሄጃ ይታያል። ትንሿ የበረዶ ትራክተሩ አጠገባቸው ናት። መሃል ላይ ቦሞንቷ ነጭ አንሶላ ለብሳ፣ ከመሬት ከፍ ብላ በአራት የብረት ድጋፎች ላይ አርፋለች። ጎማዎቿ ተወልውለዋል። አይጥ እንዳይገባባት ማርሚታዋ አፍ ላይ የሽቦ መፈግፈጊያ ተወትፏል።

ታራንት ተጎንብሶ ከሥር አያት። «ጠብታ ጨው የላትም» አለ። «ሌባ ሰርቆ እንደዚህ ሲንከባከብ አላየሁም።»

«ጎማው መሬት ላይ ከከረመ ይጎብጣል» አለ ሎርን። ከዚያ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «የስቲቭ ልጅ፣ ጠይቂኝ እንጂ። ቆመሽ አትይኝ።»

«ለምን ሐሰተኛ ሸጡለት?»

«ሐሰተኛ!» አለ ሎርን፤ ቃሉ አሞታል። «በስልሳዎቹ ውስጥ የሃያ አንድ ዓመት ልጆች ነን። እኔ ፊቷን እገጥማለሁ፣ እሱ በሯን ይገጥማል። በወር አንድ ባለ ትልቅ ሞተር ስትመጣ ኤርል እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነበር የሚነካት። ዕድሜውን ሙሉ አንዷን ፈለገ። የለም፤ ጨው ጨርሷቸዋል። ያችን ባለ ስድስት ፒስተን ከአንድ ጎተራ አገኘኋት። ሁለት ክረምት ሠራኋት። የቆርቆሮ ዋጋ እንኳ አላተረፍኩባትም። ላስደስተው ነው።»

«አልነገሩትም።»

«ብነግረውማ ያቺው ቆርቆሮ ናት።»

«ማክሰኞስ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዞ ጠራኝ። ልጄን ለዚች ነው ያባረርኩት አለኝ። ሌባ አለኝ። ሎርን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ኖርክ አለኝ። ደረቴን ያዘኝ፤ እኔም ገፋሁት። መግፋቴን አልክድም።» ጣቶቹን አየ። «ድጋፉ ከኋላው ነበር። በጣውላ ላይ በትራክተሬ ጎትቼ እሷንም ወረቀቱንም የወሰድኩት ልሰርቃት አይደለም። ሰው መጥቶ ቁጥሯን አይቶ፣ ኤርል ዳንፊ የውሸት መኪና ሲሳለም ኖረ እንዳይለው ነው። እውነተኛ ቦሞንት እንደነበረው ይቀበር ብዬ ነው።»

«ከርቲስስ?»

ሎርን ዓይኑን ወደ መኪናዋ መለሰ።

«ጋሽ ሎርን፣ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ እያዩ ነው ዝም ያሉት። ዛሬ ጠዋት ክስ ሊመሠረትበት ነበር።»

«ማስረጃ የለም፣ ይለቁታል ብዬ ነበር» አለ። «እናቱ ትመሰክርበታለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

ታራንት ካቴናውን አወጣ። ሎርን እጁን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ የተገለጠውን የአንሶላ ጫፍ መለሰው። ግዌን አልከለከለችውም። በሰውየው ተናዳለች፤ ግን ካቴናው ሲጠብቅበት ማየት አልፈለገችምና ቀድማ ወጣች።

ከርቲስ ስምንት ሰዓት ላይ ተፈታ። የሚወስደው ሰው ስላልነበረ ግዌን በራሷ መኪና ጫነችው። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገረችው፤ ሐሰተኛዋን መኪና፣ ደብዳቤውን፣ አባቱ ስለ እሱ ሲል ዋጋዋን ለማወቅ መጠየቁን ጭምር። የመጨረሻው ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ሬዲዮውን ከፈተችለት።

«አባዬ ሊሸጣት ነበር?» አለ በኋላ።

«ለመሸጥ እያሰበ ነበር። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

የዳንፊ ደጃፍ ላይ ያለው ክምር ተጠርጓል። ቴልማ በሩ ላይ ቆማለች። ኮት አልለበሰችም፤ ብርዱ ያቀላውን እጇን አጣምራ ሲወርድ ታየዋለች። ከርቲስ ከደረጃው ሥር ደረሰና ቆመ።

«ግባ» አለችው። «ሾርባ አለ።»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ነኝ ብለሽ አምነሽ ነበር?»

ግዌን ከመኪናዋ አልወረደችም፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው። አይደለም ልጄ፣ ደንግጬ ነው ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። ቴልማ ያጣመረችውን እጇን ፈታች።

«አዎ» አለች። «አምኜ ነበር።»

ከርቲስ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ብቻ የያዘውን ነገር ጥሎ እጁ ቀለል ያለው ሰው ይመስላል። ዞሮ መጣና የመኪናውን በር ከፈተ።

«ቤቴ አድርሺኝ፣ ግዌን።»

ግዌን መኪናዋን አስነሳች። ቴልማ ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች።

«ቀብሩ ነገ ነው!» ብላ ጮኸች። «ከርቲስ! አራት ሰዓት ላይ ነው!»

«እመጣለሁ» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ መንገዱ እንዳደረገ ነው።